ሐንስ ኒልሰን ሐውገ፤ ብዙ ሠርቶ በጥቂት የኖረ ሰው

የኖርዌይ አገር የወንጌል መነቃቃት ታሪክ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠራው የአንድ ገበሬ ስም ነው። ሐንስ ኒልሰን ሐውገ ቄስ አልነበረም፤ ከፍ ያለ ትምህርት ቤትም አልገባም። ስለ ስብከቱ ብዙ ተጽፎአል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ይልቁን የምንመለከተው ገንዘብንና ጊዜን እንዴት አድርጎ ይይዝ እንደ ነበረ ነው፤ የአገሩ ሹማምንት ከተጠራጠሩበት ነገር አንዱ ይኸው ነበርና። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ሐውገ በ1771 ዓ.ም. ኤፕሪል 3 ቀን፣ ከፍሬድሪክስታድ ከተማ አጠገብ ባለችው በሮልቭሶይ ተወለደ። ወላጆቹ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ገበሬዎች ስለ ነበሩ መጽሐፍ ቅዱስንና የሉተርን ትምህርት ከልጅነቱ ጀምሮ ተማረ። እጁ ለሥራ የተፈታ ነበረ፤ አናጢነቱንም አንጥረኛነቱንም ንብ ማርባቱንም ያውቅ ነበር። በ1796 ዓ.ም. ኤፕሪል 5 ቀን በአባቱ እርሻ ላይ እያረሰና መዝሙር እየዘመረ ሳለ ልቡ በእግዚአብሔር ፍቅር ተሞላ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለወገኖቹ እንዲመሰክር እንደ ተጠራ ዐወቀ። ያን ጊዜ ዕድሜው ሃያ አምስት ዓመት ነበር።

በዚያ ዘመን ኖርዌይ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበረች፤ የሕዝቧም ቍጥር ዘጠኝ መቶ ሺህ አይሞላም ነበር። አብዛኛው ሕዝብ ድኻ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ሲሆን፣ በከተሞች ግን በሳንቃ ንግድ የከበሩ ጥቂት ቤተሰቦች እንደ መሳፍንት ይኖሩ ነበር። ከእነርሱ ሁሉ የታወቀው በክርስቲያንያ፣ ማለት በዛሬዋ ኦስሎ፣ ይኖር የነበረው ቤርንት አንከር ነው። ቤተሰቡ በ1778 ዓ.ም. የመኳንንት ማዕረግ አግኝቶ ነበር፤ እርሱም በግብዣውና በቴአትሩ፣ በቤቱም ግርማ የከተማው መነጋገሪያ ሆኖ ኖረ። ባላገሩም በዐቅሙ ይህንኑ መንገድ ይከተል ነበር። ሠርጉም ቀብሩም ብዙ ቀን እየፈጀ፣ ቢራውና አረቄው እየፈሰሰ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ አላንስም በማለት የዓመት እህሉን በአንድ ድግስ ይጨርስ ነበር። መንግሥት በ1783 ዓ.ም. የገበሬውን የቅንጦት ወጪ የሚከለክል ዐዋጅ አወጣ፤ ነገር ግን ልማድ በዐዋጅ ብቻ አይለወጥም። እኛም በሬው ተሸጦ የሚደገሰውን ሠርግና ተዝካር፣ ድንኳኑም ከተነቀለ በኋላ የሚቀረውን ዕዳ ስለምናውቅ ይህ ታሪክ አይገርመንም።

ሐውገ በዚያው በ1796 ዓ.ም. የመጀመሪያ መጽሐፉን ጻፈ፤ የጻፈውም ስለ ዓለም ሞኝነት ነው። መጽሐፉን ለማሳተም ወደ ክርስቲያንያ በእግሩ ሄደ፤ ወጪው እንዲቀንስም በመጠረዙ ሥራ ራሱ ረዳ። ከዚያ በኋላ ያሳተማቸው ጽሑፎች ከሠላሳ ይበልጣሉ፤ በድምሩም ከ200,000 ቅጂ በላይ ተሰራጭተዋል ተብሎ ይገመታል። እንዲህ ጥቂት ሕዝብ ላላት አገር ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው።

እስከ 1804 ዓ.ም. ባሉት ስምንት ዓመታት ኖርዌይን ከዳር እስከ ዳር ዞረ፤ በሰሜን እስከ ትሮምሶ፣ በደቡብም ባሕር ተሻግሮ እስከ ዴንማርክ ደረሰ። የተጓዘው መንገድ 15,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል ይባላል፤ ይህም አብዛኛው በእግር ነው። በመንገድም ሳለ እጁን አያሳርፍም፤ እየሄደ በሱፍ ክር ጓንትና የእግር ሹራብ ይሠራ ነበር። ያደረበት ቤት የመከር ሥራ እንዳለው ባየ ጊዜ አብሮ ያጭዳል፤ ስብከቱም ከሥራው በኋላ ይሆናል። ልብሱ በአገር የተሠራ ተራ ሱፍ ነበረ። ጊዜ የእግዚአብሔር አደራ ነው ብሎ ስላመነ፣ ከገንዘብ ይልቅ ያለ ሥራ የጠፋ ሰዓት ያሳዝነው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሐውገ ድኽነትን አልሰበከም፤ ገንዘብንም እንደ ርኩስ ነገር አልሸሸም። በ1801 ዓ.ም. በቤርገን ከተማ የነጋዴነት መብት አግኝቶ በመርከብ እህልና ዓሣ ይነግድ ጀመር። በኤይከር ከወዳጆቹ ጋር የወረቀት ፋብሪካ አቋቋመ፤ በዚያም ምእመናን አብረው እየኖሩና እየጸለዩ ይሠሩ ነበር፤ ሌላ ሥራ የማያገኙ ዐቅመ ደካሞችም ሳይቀሩ በዚያ ቦታ አገኙ። በየደረሰበትም ወጣቶችን እየመረጠ አንዱን እርሻ እንዲያቀና፣ አንዱን ወፍጮ እንዲያቆም፣ አንዱን እንዲነግድ ይመክር፣ መነሻ ገንዘብም እንዲያገኙ ይረዳ ነበር። ስለዚህ ቍጠባው የንፉግ ቍጠባ አልነበረም። ንፉግ ገንዘቡን ይቀብረዋል፤ ሐውገ ግን ለራሱ ከሚያስፈልገው ቀንሶ ያተረፈውን ወዲያው ለሌላ ሰው ሥራ ያደርገው ነበር።

ሹማምንቱ ሊያምኑት ያልቻሉት ይህን ነበር። በእጁ ብዙ ገንዘብ የሚያልፍ ሰው ለራሱ ቤትና ማዕረግ ሳይሻ እንዴት ይኖራል? ስለዚህ ምእመናኑን እያታለለ ቅዱስ የሚባል የምስጢር ሣጥን ሞልቶአል የሚል ወሬ ተነዛ። በ1741 ዓ.ም. የወጣ ሕግ ደግሞ ካህን ያልሆነ ሰው እየዞረ እንዲሰብክ አይፈቅድም ነበር። በዚህ ሕግ ምክንያት ሐውገ ከ1797 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ ጊዜ ታስሮ ተፈታ፤ በመጨረሻም በኦክቶበር 1804 ዓ.ም. በኤይከር ተይዞ ወደ ክርስቲያንያ ወኅኒ ተወሰደ። መጻሕፍቱም እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። ሐውገ ገና ፍርድ ሲጠብቅ ቤርንት አንከር በ1805 ዓ.ም. ሞተ፤ የሀብቱም ድርጅት በ1819 ዓ.ም. ከሰረ።

ምርመራው ዓመታት ፈጀ፤ ከየአውራጃውም በመቶ የሚቈጠሩ ምስክሮች ተጠየቁ። በመካከሉ ግን የእንግሊዝ መርከቦች ባሕሩን ስለ ዘጉ ኖርዌይ ጨው አጣች፤ ጨው ከሌለ ደግሞ ዓሣ አይቀመጥም። ያን ጊዜ መንግሥት እስረኛውን አስታወሰ። በ1809 ዓ.ም. ሐውገ ከወኅኒ ወጥቶ በደቡብ ባሕር ዳር የጨው ማውጫ እንዲያቋቁም ተፈቀደለት፤ ሥራውን ከፈጸመ በኋላም ወደ ወኅኒው ተመለሰ። በ1811 ዓ.ም. ከእስር ሲወጣ ጤናው ተሰብሮ ነበር። በ1813 ዓ.ም. የሁለት ዓመት የጕልበት ሥራ ተፈረደበት፤ በ1814 ዓ.ም. ግን ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ 1,000 ሪክስዳለር መቀጮ ለወጠው። የተፈረደበትም የስብከቱን ሕግ በመተላለፉና ካህናትን በጽሑፍ በመንቀፉ ነው፤ የምስጢሩ ሣጥን ግን አልተገኘም።

የቀረውን ዕድሜውን በክርስቲያንያ አጠገብ በእርሻ አሳለፈ። በ1815 ዓ.ም. አንድሬያ የምትባል ሴት አገባ፤ እርስዋም በዚያው ዓመት ልጃቸውን አንድሬያስን ወልዳ ሞተች። በ1817 ዓ.ም. ዳግመኛ አግብቶ ብሬድትቬት ወደሚባለው እርሻ ተዛወረ። በወኅኒ ሳለ የናቁት ሰዎች፣ ጳጳሳትና መምህራን ሳይቀሩ፣ ወደዚያ እየመጡ ጐበኙት። በ1821 ዓ.ም. ለወዳጆቹ በጻፈው ኑዛዜም ከቤተ ክርስቲያን እንዳይለዩ አደራ አላቸው።

ስለ ተከታዮቹ እውነቱን መናገር ይገባል። ከመጠጥና ከጭፈራ ርቀው በትጋት ስለ ሠሩ ብዙዎቹ ባለጸጎች ሆኑ፤ ከጥቂቶቹም ዘንድ ጥቁሩና ተራው ልብስ ራሱ የክብር ምልክት ሆነ። ሰው በሐር እንደሚኰራ በሻካራ ሱፍም ሊኰራ ይችላልና። ሌሎቹ ግን ያተረፉትን ለወንጌል ሥራ አዋሉት። የ1741ዱ ሕግ በተሻረበት በ1842 ዓ.ም. በስታቫንገር የኖርዌይ ሚስዮን ማኅበር ሲቋቋም፣ ከመሥራቾቹ መካከል የሐውገ ወዳጆች ነበሩ። በ1891 ዓ.ም. የተመሠረተውና በ1948 ዓ.ም. ሠራተኞቹን ወደ አገራችን የላከው የኖርዌይ ሉተራን ሚስዮንም ከዚያው የምእመናን መነቃቃት ሥር የበቀለ ነው።

ሐውገ በ1824 ዓ.ም. ማርች 29 ቀን በብሬድትቬት ዐረፈ፤ ኀምሳ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ልጁ አንድሬያስ ለአባቱ ያልተፈቀደለትን ቅስና ተቀብሎ አገለገለ፤ የሚስዮኑን ጋዜጣ አዘጋጀ፤ በኖርዌይ አብያተ ክርስቲያናት የተዘመረበትንም አንድ የመዝሙር መጽሐፍ አሰናዳ።