ዶክተር አክሊሉ ለማ እና የእንዶድ ምርመራ

ራቤል ያደገ ሰው እንዶድን ያውቀዋል። ፍሬው ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፤ ውኃ ሲነካው አረፋው ይኩረፈረፋል። ነጠላውም ጋቢውም የሚጸዳው በሱ ነበር፣ ሳሙናው ከሱቅ መጥቶ ገሸሽ አደረገው እንጂ። ይህንን ቁጥቋጦ የዓለም ሳይንቲስቶች መነጋገሪያ ያደረጉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። አሜሪካ በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክትሬታቸውን አገኙ። በዚያው ዓመት ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ ዐድዋ ደረሱ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከማጠቢያው በታች ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ አለ፣ ከበላይ ግን እንደዚያ አይደለም። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው ዕቃ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በቃ፣ ግኝቱ ይኸው ነው! እኛ የዜና ሰዎች ለመሆን የምንማረው ልጆች እንዲህ ዓይነት ዓይን ቢኖረን እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ዐድዋ ላይ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ ከ1 እስከ 6 ዓመት በሆኑ ልጆች ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል ትሉ ይሆናል።

የተፈለገው የደኅንነት ማስረጃ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት፣ መርዛማነቱ በታወቀ ደረጃ በሚሠራ ላቦራቶሪ አልተመረመረም ብሎ ድጋፉን ከለከለ። ያን ጊዜ ምርመራ ማለት በእንስሳት ላይ ነው፤ ለቆዳ የሚደረገው ከ1944 ጀምሮ በሚታወቀው ዘዴ የጥንቸል ጀርባ ተላጭቶ ነበር። ወጪው ደግሞ ለድሃ አገር አይቀመስም። እናቶቻችን እኮ ስንት ትውልድ ሙሉ እጃቸውን ሲነክሩበት ኖረዋል! በርግጥ የአጣቢ እጅ ስለሚጠጣ ውኃ አይናገርም፣ ስለዚህ ድርጅቱ መጠየቁ ልክ ነው እላለሁ። ልክ ያልሆነው፣ መልሱን ለማግኘት የሚረዳ ሳይኖር ዓመታት መባከናቸው ነው። በመጨረሻ በካናዳ የምርምር ገንዘብ ጥናቱ ተሠራ፤ እንዶድ ዓይን ከመቆጥቆጡ በቀር ከተራ የልብስ ሳሙና የባሰ አደጋ እንደሌለው ታየ። ዓይን መቆጥቆጡን ማንም አጣቢ ያውቃል!

ዛሬ የቆዳው ጥያቄ ያለ ጥንቸል ይመለሳል። ከሰው የተወሰዱ ሕዋሳት በላቦራቶሪ ውስጥ ቀጭን ቆዳ እስኪሆኑ ይራባሉ፣ ምርቱ ይቀባባቸዋል፣ ከዚያ በሕይወት የቀሩት ይለካሉ። ግማሽ ወይም ከግማሽ በታች ከቀረ ምርቱ ቆዳ ያስቆጣል ማለት ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ2010 ዓለም አቀፍ መመሪያ ወጣለት፤ በ2013 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በእንስሳት የተሞከረ መዋቢያ እንዳይሸጥ ሙሉ በሙሉ ከለከለ።

ዶክተር አክሊሉ ይህንን አላዩም። በኋለኛው ዘመናቸው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲሠሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 አረፉ። በእንዶድ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚገድለው ንጥረ ነገር በስማቸው ለማቶክሲን ይባላል፤ የመሠረቱት ኢንስቲትዩትም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።