ደጅ የጠናው መምህር፤ ቡከር ቲ. ዋሽንግተን

እ.ኤ.አ. በ1881 የአላባማ ግዛት ምክር ቤት በቱስኪጊ ከተማ የጥቁሮች መምህራን ማሠልጠኛ እንዲቋቋም ፈቅዶ በዓመት 2,000 ዶላር መደበ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ገንዘቡ ለመምህራን ደመወዝ ብቻ እንዲውል የተወሰነ ስለ ነበረ ለመሬት፥ ለቤት፥ ለመጽሐፍና ለወንበር የሚተርፍ አንዳች ሳንቲም አልነበረም። ትምህርት ቤቱን እንዲመራ የተላከው የ25 ዓመቱ ወጣት ቡከር ታልያፌሮ ዋሽንግተን ከስፍራው ሲደርስ ያገኘው መማር የሚሻ ሕዝብ እንጂ ማስተማሪያ ቤት አልነበረም። ጁላይ 4 ቀን በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በነበረች አሮጌ ጎጆ 30 ተማሪዎችን ይዞ ሥራ ጀመረ። ዝናብ በጣለ ቁጥር ከተማሪዎቹ አንዱ ትምህርቱን ትቶ በመምህሩ ራስ ላይ ጃንጥላ ይይዝ ነበር።

ከዚያን ዕለት አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ለ34 ዓመታት ዋሽንግተን ሁለት ሥራ ነበረው፤ ማስተማርና ደጅ መጥናት። ስለ ፖለቲካው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተከራክረውበታል። ደጅ ጠኚነቱ ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነበር። በዘመኑ ይህን ሙያ የሚያስተምር ተቋም ባለመኖሩ እንደ አንጥረኛ ሥራ ከባለሙያ ጎን ቆሞ በማየት የሚለመድ ነበር።

ዋሽንግተን በ1856 በቨርጂኒያ ግዛት ከባሪያ እናት ተወለደ። ነጻነት ሲታወጅ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያም በዌስት ቨርጂኒያ ጨው በሚፈላበት ምድጃና በድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ሠራ። በ1872 ረጅሙን መንገድ ተጉዞ ሐምፕተን ወደሚባለው ትምህርት ቤት ሲደርስ የገጠመው የመግቢያ ፈተና አንድ ክፍል መጥረግ ነበር። ክፍሉን ሦስት ጊዜ ጠርጎ አራት ጊዜ ወለወለው። ምግብና መኝታውን በጽዳት ሠራተኛነት ሲከፍል፥ በዓመት 70 ዶላር የነበረውን የትምህርት ክፍያ የሸፈነለት በማሳቹሴትስ ግዛት የሚኖር አንድ በጎ አድራጊ ነበር። ስለዚህ የለጋሽን ትርጉም ያወቀው ለጋሽ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት፥ ከተቀባዩ ወገን ሆኖ ነው።

የሐምፕተን መሥራችና መሪ ጄኔራል ሳሙኤል ቻፕማን አርምስትሮንግ የዋሽንግተን ዋነኛ አስተማሪ ሆነ። ቱስኪጊ ከተከፈተ ከጥቂት ጊዜ በኋላ አርምስትሮንግ የቀድሞ ተማሪውን ጠርቶ አራት መዘምራን አስከትሎ በሰሜን ታላላቅ ከተሞች ይዞት ዞረ። ዋሽንግተን ጉዞው ለሐምፕተን የሚደረግ መስሎት ነበር። ኋላ እንደ ተረዳው ግን ወጪውን ሐምፕተን ሲችል፥ ስብሰባው የሚጠራው ለቱስኪጊ ጥቅም ነበር። አንድ የትምህርት ቤት መሪ የገዛ ለጋሾቹን ለሌላ ትምህርት ቤት ማስተዋወቁ በየትኛውም ዘመን በቀላሉ የሚገኝ ነገር አይደለም። ወጣቱ በዚያ ጉዞ ከመምህሩ ጎን ቆሞ አነጋገሩን፥ ቁጥብነቱን፥ ከማን ዘንድ መቼ መሄድ እንደሚገባ ተመለከተ።

ሁለተኛዋ የሙያ ባልደረባው ኦሊቪያ ዴቪድሰን ነበረች። እርሷም የሐምፕተን ምሩቅ ስትሆን በማሳቹሴትስ ከፍተኛ የመምህርነት ትምህርት ተከታትላ በ1881 ወደ ቱስኪጊ መጣች። 100 ኤከር የሚሆነው የእርሻ መሬት በ500 ዶላር ሲገዛ የመጀመሪያውን 250 ዶላር ያበደረው የሐምፕተን ገንዘብ ያዥ ጄኔራል ማርሻል ነበር፤ ያበደረውም ከራሱ ኪስ ነው። ዴቪድሰን የከተማውን ቤቶች፥ የነጩንም የጥቁሩንም፥ እየዞረች ዶሮና ዳቦ ለምና የእራት ግብዣ አዘጋጀች። ብድሩ በሦስት ወር ተከፈለ፤ ከዚያም በሁለት ወር ውስጥ የቀረው ዕዳ ተጠናቀቀ። ከመዋጮው ሁሉ ዋሽንግተን በሕይወቱ ሙሉ ያልረሳው አንዲት በባርነት የኖረች፥ ጨርቅ የለበሰች አሮጊት በምርኩዝ ተደግፋ ያመጣችለትን ስድስት እንቁላል ነው። ዴቪድሰን ኋላ ወደ ሰሜን ወጥታ በቦስተን ደጅ እየጠናች ብዙ ገንዘብ አስገኘች። ከዚያም የዋሽንግተን ባለቤት ሆነች፤ በ1889 ሞተች። ስሟ ከባሏ ስም ጀርባ መደበቁ ፍትሐዊ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ ጡብ ራሱ እንዲሠራ ተወስኖ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቱም ከሸፈ። ለአራተኛው ሙከራ ገንዘብ ስላልነበረ ዋሽንግተን የኪስ ሰዓቱን በሞንትጎመሪ ከተማ በ15 ዶላር አስያዘ። ጡቡ በዚህ ጊዜ ተሳካ፤ ሰዓቱ ግን ሳይወጣ ቀረ። ነጮቹ ጎረቤቶች ጡብ ሊገዙ ሲመጡ ትምህርት ቤቱን ማክበር ጀመሩ።

በሰሜን ያለው ሥራ ከዚህ ይልቅ አድካሚ ነበር። በኮኔክቲከት ግዛት ስታምፎርድ አጠገብ ወደሚኖር አንድ ባለጸጋ ቤት ሁለት ማይል ያህል በእግሩ ሄዶ፥ በቀዝቃዛ ፊት ተደምጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ሰው 10,000 ዶላር ላከለት። የባቡር ሐዲድ ባለቤት የነበረው ኮሊስ ሃንቲንግተን በመጀመሪያ የሰጠው ሁለት ዶላር ሲሆን፥ በ1900 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የሰጠው 50,000 ዶላር ነው። በሁለቱ ስጦታዎች መካከል ያለውን ርቀት የሞላው ዕድል ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን ለልመና ቃል ብዙም ቦታ አልነበረውም፤ የሚያቀርበው የተማሪ ቁጥር፥ የተሠራ ሕንፃ፥ የወጣ ወጪ ነበር። ለሁለት ዶላሩም እንደ ሃምሳ ሺሁ ምስጋና ይልክ ነበር። ከትምህርት ቤቱ በራቀ ጊዜ ሁሉ የየዕለቱ ሁኔታ በጽሑፍ ሪፖርት ይደርሰው ነበር። ከ1897 ጀምሮ ጸሐፊው ኤሜት ስኮት የደብዳቤውን ሥራ በሚገባ አደራጀለት።

ገንዘቡ ግን ዋጋ ነበረው። በ1895 በአትላንታ ባደረገው ንግግር፥ ጥቁሩ ሕዝብ የፖለቲካ መብቱን ጥያቄ ለጊዜው አቆይቶ በእጅ ሙያና በሥራ እንዲበረታ መከረ፤ በማኅበራዊ ኑሮ ከነጩ ተለይቶ መኖሩንም ተቀበለ። የሰሜን ባለሀብቶችና የደቡብ ነጮች በአንድነት አጨበጨቡ። አንድሩ ካርኔጊ በ1903 ለትምህርት ቤቱ ቋሚ ገንዘብ 600,000 ዶላር ሰጠ። በዚያው ዓመት ዊሊያም ዱ ቦይስ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አቋም አጥብቆ ነቀፈ። ነቀፋው ተገቢ ነበር፤ የለጋሾች ዓይን በሙያ ትምህርት ላይ ሲያርፍ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተጎድተዋልና። ነገር ግን ዋሽንግተን ራሱ በዚያው ዘመን የአላባማን ጥቁሮች የመምረጥ መብት ለማስከበር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰውን ክርክር በምስጢር በገንዘብ ይደግፍ ነበር። በአደባባይ ያልተናገረውን በጨለማ ከፈለ። የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው አንደበቱ ምን ያህል የራሱ እንደሚሆን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

የተማረውንም አስተማረ። ከቱስኪጊ የተመረቁ ወጣቶች በየገጠሩ እየሄዱ በተመሳሳይ መንገድ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ዊሊያም ኤድዋርድስ በ1893 በአላባማ ስኖው ሂልን፥ ዊሊያም ሆልትዝክሎው በ1903 በሚሲሲፒ ዩቲካን መሠረቱ። እነርሱም በተራቸው የሰሜንን ደጅ ጠኑ። በ1912 የንግድ ሰው የነበረው ጁልየስ ሮዘንዋልድ ለቱስኪጊና ከእርሱ ለተወለዱ ትምህርት ቤቶች 25,000 ዶላር ሲሰጥ፥ ዋሽንግተን ከዚያ የተረፈው ለስድስት የገጠር ትምህርት ቤቶች ማሠሪያ እንዲውል ጠየቀ። ውሉም የየመንደሩ ሕዝብ ድርሻውን እንዲያዋጣ ያስገድድ ነበር። እስከ 1932 ድረስ በ15 ግዛቶች 5,000 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች በዚህ መንገድ ተሠሩ። ድሃው ጥቁር ገበሬ በእንጨት፥ በጉልበትና በሳንቲም ያዋጣው ከሮዘንዋልድ ስጦታ በለጠ።

ዋሽንግተን ይህን ፍጻሜ አላየም። በ1915 መጸው ኒውዮርክ ሳለ ታሞ ሆስፒታል ገባ። የሚኖረው ጥቂት ቀን ብቻ እንደ ሆነ በተነገረው ጊዜ በደቡብ ለመሞት ፈልጎ ባቡር ተሳፈረ፤ ኖቬምበር 14 ቀን ቱስኪጊ እንደ ደረሰ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አረፈ። ዕድሜው 59 ነበር። ትቶት የሄደው 1,500 ተማሪዎች፥ ከ100 በላይ ሕንፃዎችና ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቋሚ ገንዘብ ነው።

ከእርሱ በኋላ ሦስተኛው የቱስኪጊ መሪ ፍሬደሪክ ፓተርሰን በሙያው የእንስሳት ሐኪም ነበር። የጥቁር ኮሌጆች መሪዎች በየፊናቸው እየዞሩ የእነዚያኑ ባለጸጎች በር ማንኳኳታቸው ሁሉንም እንዳደከመ ተመልክቶ በጋራ እንዲለምኑ ሐሳብ አቀረበ። በ1944 ሃያ ሰባት ኮሌጆች በአንድ ማኅበር ተደራጅተው፥ በአንድ መዝገብ የመጀመሪያውን የጋራ መዋጮ መሰብሰብ ጀመሩ።