ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ሁለቱ ሰንበታት

እኛ በየካ ተራሮች ሥር የምንኖር ተማሪዎች በዐቢይ ጾም ጊዜ እናቶቻችን ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በማለዳ ሲያበሉን እናውቃለን። በሌሎቹ ቀኖች ግን ጾሙ እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ይውላል። ከቀዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜ እንደዚህ የማይዋልበት ሰንበት ስለ ሆነ ነው። ይህን ሥርዐት ካጸኑት ሰዎች ዋናው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ከአይሁድ ወገን ስለ ነበሩ ኦሪትንና ሰንበትን ከአባቶቻቸው ወርሰዋል። ሁለቱ ሃይማኖቶች ከተለያዩ በኋላ ግን በ4ኛው መቶ ዓመት በሎዶቅያ የተሰበሰቡ አባቶች ክርስቲያን በቅዳሜ ሥራ ፈትቶ እንዳይውል ከለከሉ። ከእስክንድርያ ወደ አገራችን የሚላኩት ጳጳሳትም የቅዳሜን መከበር ይቃወሙ ነበር። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ስለ ሰንበት ተከራክረው ከአገራቸው ወጡ፤ በአርመን አገርም ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ከጳጳሳቱ ክህነት ሳይቀበሉ ለብዙ ዘመን ተለይተው ኖሩ።

የዐፄ ዳዊት ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. ሲነግሡ ያገኙት ይህን መለያየት ነው። ስለዚህ በ1442 ዓ.ም. በተጉለት፥ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰበሰቡ። ከግብፅ የመጡት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ባሉበት ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ታርቀው ክህነት ተቀበሉ። ሁለቱም ሰንበታት በሕግ የታዘዙ መሆናቸውን ንጉሡ በመጽሐፈ ብርሃን ያስረዳሉ።

ይሁን እንጂ ንጉሡ ሁልጊዜ እንዲህ ታጋሽ አልነበሩም። ሰንበትን ከአይሁድ ጋር ሲጋሩ በመጽሐፈ ሚላድ አይሁድን አጥብቀው ይነቅፋሉ። ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉትን መነኮሳት በግርፋትና በሞት ቀጡ፤ በገዛ ቤተ ሰባቸው ላይ እንኳ እጃቸው ከበደ። ነገር ግን በጉባኤ የታረቁት ከቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ ሲሆኑ፥ የተገረፉት አሳባቸውን አልለወጡም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1460 ዓ.ም. ራሳቸው በቈረቈሯት በደብረ ብርሃን ዐረፉ። ከየካ በኮተቤ በኩል የሚወጣው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ወደዚያች ከተማ ይደርሳል። በዚያ መንገድ ያለፈ ተማሪ የንጉሡን ሁለት ሥራ ያስታውስ፤ አለንጋው ያልቻለውን ጉባኤው ችሎታልና።