የዓይን ሐኪሙ በመዝገብ ያላገኘው



ሼርሎክ ሆምስ የተባለውን ወንጀል መርማሪ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው። ስለ ደራሲው ስለ ሰር አርተር ኮናን ዶይል ግን አጭር ቃል እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ኮናን ዶይል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ፤ በዚያውም ሕክምና ተማረ። መምህሩ ዶክተር ጆሴፍ ቤል የበሽተኛውን ሁኔታ አይቶ ብቻ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበርና፣ ሆምስን በእሱ አምሳል ቀረጸው። የመጀመሪያው የሆምስ ታሪክ በ1887 ዓ.ም. ታተመ፤ ለደራሲው የተከፈለው 25 ፓውንድ ብቻ ነበር። በ1891 ዓ.ም. በሎንዶን የዓይን ሕክምና ቢጀምር በሽተኛ ስላጣ፣ ሙያውን ትቶ በብዕሩ ማደር ጀመረ።

ትምህርቱ ግን ከንቱ አልቀረም። ጆርጅ ኤዳልጂ የተባለ የሕግ ባለሙያ በሌሊት ፈረስ አቁስለሃል ተብሎ በ1903 ዓ.ም. 7 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሰውዬው 3 ዓመት ታስሮ ከተፈታ በኋላ ኮናን ዶይል ሊያገኘው ሄደ፤ ጋዜጣውን ከዓይኑ አስጠግቶ ሲያነብም አየው። እንዲህ ያለ ዓይን ይዞ በጨለማ ሜዳ አቋርጦ ያን ማድረግ እንደማይችል ተረዳ። ነገሩን መርምሮ በጋዜጣ ቢያወጣ፣ መንግሥት በ1907 ዓ.ም. ምሕረት ሰጠው፤ ካሣ ግን ከለከለው።

ኮናን ዶይል በ1930 ዓ.ም. አረፈ። እኔም በመዝገብ መካከል የምውል ጸሐፊ ነኝና፣ ባለጉዳዩን ቀና ብዬ ሳላይ አልቋል ብዬ ወደ መደርደሪያ የመለስሁት ጉዳይ ስንት እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። የሥራ ጓደኞቼም እንዲህ ቢጠይቁ መልካም ይመስለኛል።

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፤ ከአዲስ አበባ