የቅልቡ ሕዋስ አባት፤ ዶክቶር ፓውል ኤርሊክ

የፓውል ኤርሊክ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በ1910 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው የቂጥኝ መድኃኒት ሳልቫርሳን ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ለዚህ ጸሐፊ ግን ይበልጥ የሚያስደንቀው ሊቁ ገና በተማሪነቱ ያየው ነገር ነው።

ኤርሊክ በ1854 ዓ.ም. በሲሌዥያ፣ ሽትሬለን በምትባል ከተማ ከአይሁድ ወላጆች ተወለደ። ካርል ቫይገርት የተባለ ሐኪም ዘመዱ የሰውነትን ሥጋ በቀለም እየነከሩ በማይክሮስኮፕ መመርመርን አሳየው። ከዚያ ወዲህ ወጣቱ ከቀለም አልተለየም።

በ1878 ዓ.ም. ለላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክቶርነት ጽሑፍም ስለዚሁ ነበር። በውስጡ ሆዳቸው በጥቃቅን ፍሬዎች የታጨቀ ሕዋሳትን ገለጸ። ፍሬዎቹ ሰማያዊ ቀለም ሲነካቸው ወደ ሐምራዊ ይለወጣሉ። ሕዋሱ ምግብ አብዝቶ የጠገበ ስለ መሰለው ማስት ሴል አለው፤ በእኛ አነጋገር ቅልብ ሕዋስ እንደ ማለት ነው። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኤኦሲን በተባለው ቀይ ቀለም ኤኦሲኖፊል የሚባለውን ነጭ የደም ሕዋስ ለየ። ይህም በአስም በሽተኞች የአየር ቧንቧ ውስጥ ብዙ ጊዜ በዝቶ ይገኛል።

በ1908 ዓ.ም. የሰውነትን መከላከያ በመመርመሩ ከሩሲያዊው ሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሲጋራ እጅግ ያዘወትር ነበር ይባላል። በ1915 ዓ.ም. ሲሞት ቅልቡ ሕዋስ ምን እንደሚሠራ ገና የታወቀ ነገር አልነበረም።

በጎተራው የተከማቸው ለካ ስንቅ አልነበረም! በ1953 ዓ.ም. ራይሊና ዌስት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በስኮትላንድ፣ በዳንዲ ከተማ፣ ሂስታሚን የሚገኘው በዚሁ ሕዋስ ውስጥ መሆኑን አስረዱ። በ1960ዎቹም ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኢሺዛካዎች በአሜሪካ፣ ሌሎች ሊቃውንትም በስዊድን፣ ኢሙኖግሎቡሊን ኢ የተባለውን ፀረ አካል አገኙ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰውነት የአበባን ብናኝ እንደ ጠላት በቆጠረ ጊዜ ይህን ፀረ አካል ይሠራል፤ ፀረ አካሉም በቅልቡ ሕዋስ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። ብናኙ ዳግመኛ ሲመጣ ከፀረ አካሉ ጋር ይያያዝና ሕዋሱ ጎተራውን ይዘረግፋል። ማስነጠሱ፣ ማሳከኩ፣ የትንፋሽ ማጠሩ ከዚያ ይከተላል፤ ሲብስም ሰው ይሞታል።

ሕክምናው ግን መንሥኤው እስኪታወቅ አልጠበቀም። ኤርሊክ በሕይወት ሳለ፣ በ1911 ዓ.ም.፣ ሌናርድ ኑን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የሣር አበባ ብናኝ ጭማቂ ጥቂት በጥቂት እያበዛ በሽተኞችን በመርፌ ይወጋ ጀመር። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። የሂስታሚንን ሥራ የሚያግዱ ክኒኖች ኋላ መጡ፤ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢሙኖግሎቡሊን ኢን ራሱን ይዞ ከሕዋሱ ጋር እንዳይጣበቅ የሚከለክል መድኃኒት ለአስም ተፈቅዷል። ሕዋሱ ግን ያ ወጣት ተማሪ ባወጣለት ስም ዛሬም ቅልብ እንደ ተባለ አለ።