ማዕዘኑን መለከት ያደረጉት መሐንዲስ

ብዙዎቻችን የሙዚቃ መሣሪያ ድምፅ ካላማረን ኃይል ያነሰው ይመስለናል። ይህ አሳብ ስሕተት መሆኑን በሥራቸው ካስረዱት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽ ነበሩ።

ክሊፕሽ በኢንዲያና እ.ኤ.አ. በ1904 ተወለዱ። በቺሌ አገር የኤሌክትሪክ ባቡሮችን በመጠገን፥ በቴክሳስም በነዳጅ ዘይት ፍለጋ ከሠሩ በኋላ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአርካንሳው፥ በሆፕ ከተማ በነበረው የጦር መሣሪያ መፈተኛ ሥፍራ በመኮንንነት አገለገሉ። በዚያው ከተማ በ1946 የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ።

ወፍራሙን ድምፅ አሟልቶ የሚያወጣ መለከት መኖሪያ ቤት የማይችለው ትልቅነት ይጠይቃል። እሳቸው ግን መለከቱን አጣጥፈው በሣጥን ከተቱትና ከክፍሉ ማዕዘን አስጠጉት፤ ግድግዳዎቹና ወለሉም የመለከቱ ቅጥያ ሆኑ። ስለዚህ ለቤት ጥቂት ዋት ይበቃዋል። ይሁን እንጂ አምፕሊፋየሩ ትንሽ የማፏጨት ድምፅ ቢኖርበት ያንኑ አጉልቶ ስለሚያሰማ፥ ሲመረጥ ከጉልበቱ ይልቅ ጥራቱ ይታያል። የክፍሉም ማዕዘኖች በበር ወይም በመስኮት ያልተቋረጡ መሆን አለባቸው።

ክሊፕሽ በ2002 በ98 ዓመታቸው ዐረፉ። እኛም ከሥራቸው የምንማረው፥ ተጨማሪ ኃይል ከመሻታችን በፊት በእጃችን ያለውን በሚገባ መጠቀምን ነው።