በሳንቲም የቆመ ባንክ፦ የወይዘሮ ማጊ ዎከር ሕይወት

በየወሩ የምናዋጣው ገንዘብ ትንሽ መስሎ ሲታየን፣ የወይዘሮ ማጊ ሊና ዎከርን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅመናል።

ወይዘሮ ማጊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያዋ ሪችመንድ ከተማ ተወለዱ። እናታቸው በባርነት ኖረው ነፃ የወጡ ሴት ነበሩ። እንጀራ አባታቸው ከሞቱ በኋላ እናትየው የሰው ልብስ እያጠቡ ቤተሰቡን አስተዳደሩ፤ ማጊም የታጠበውን ለየባለቤቱ እያደረሱ ተማሩ። ትምህርታቸውን ጨርሰው አስተማሪ ሆኑ። ሆኖም በዚያ ዘመን ያገባች ሴት ማስተማር አይፈቀድላትም ነበርና በ1886 ትዳር ሲይዙ ሥራቸውን ለቀቁ።

ከዚያ በኋላ ጉልበታቸውን ያዋሉት በልጅነታቸው በገቡበት የቅዱስ ሉቃስ መረዳጃ ማኅበር ነው። ማኅበሩ እንደ እድር ከአባላት መዋጮ የታመመን ይረዳ፣ የሞተን ያስቀብር ነበር። በ1899 ወይዘሮ ማጊ በኃላፊነት ሲረከቡት በካዝናው የነበረው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ዕዳም ነበረበት። እርሳቸው ግን የሂሳብ አያያዝ የተማሩ ነበሩና ማኅበሩን አቃኑት። በ1920ዎቹ አባላቱ ከ100 ሺህ በላይ ደረሱ።

በ1902 የማኅበሩን ጋዜጣ አስጀመሩ። በ1903 ደግሞ የቁጠባ ባንክ ከፍተው በአሜሪካ ባንክ የመሠረቱ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። ልብስ አጣቢዎች ጥቂት ሳንቲም ይዘው ቢመጡም ባንኩ በደስታ ይቀበላቸው ነበር። ለልጆችም ሳንቲም የሚያጠራቅሙባት ትንሽ የካርቶን ሣጥን ይሰጣቸው ነበር። ሁሉም ግን አልሰመረም። ጥቁር ሴቶች እንዲሠሩበት በ1905 የከፈቱት ትልቅ ሱቅ፣ ነጭ ነጋዴዎች ስላሴሩበትና ገበያውም ስላልበቃው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘጋ።

ወይዘሮ ማጊ ገንዘብ ብቻውን መብት እንደማያስከብር ያውቁ ነበር። በ1904 የከተማው የኤሌክትሪክ ባቡር ጥቁሮችን ለይቶ ማስቀመጥ ሲጀምር ሕዝቡ እንዳይሳፈር ቀሰቀሱ። በ1920 የአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ የሪችመንድ ጥቁር ሴቶች በመራጭነት እንዲመዘገቡ አስተባበሩ። በ1921 የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን ፓርቲ ጥቁሮችን ሲያገል፣ ጥቁር ሪፐብሊካኖች የራሳቸውን ዕጩዎች አቀረቡ። ወይዘሮ ማጊም ለቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊነት ተወዳደሩ። አላሸነፉም። ነገር ግን በማግባታቸው ከክፍል የወጡት አስተማሪ፣ የትምህርት ቤቶቹ ሁሉ መሪ ለመሆን በአደባባይ ድምፅ ጠየቁ።

በመጨረሻ ዘመናቸው በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ። ባንኩም ከሌሎች ባንኮች ጋር ተዋሕዶ ያን ክፉ የኢኮኖሚ ቀውስ አለፈ። ወይዘሮ ማጊ በ1934 አረፉ።

እኛም ከእርሳቸው ሕይወት የምንወስደው ይህን ነው፦ መዋጮ በሥርዓት ከተያዘ ለችግር ቀን ከመድረስ አልፎ ሥራ ይከፍታል። ሥራ የያዘች ሴት ደግሞ በቀበሌም ሆነ በምርጫ ድምጿን ለማሰማት አቅም ታገኛለች።